ደሴ ላይ 90፣ ኮምቦልቻ ላይ 93፦ የተበላሸው መሣሪያው ነው ወይስ እናቴ?

ጥያቄው ይህ ነበር፦

«ሰላም ዶክተር። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በእንጨት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝታ ባለፈው ሳምንት ወጣች። የአየር ቧንቧዋም ጠቧል ተብላ የሚነፋ ሳልቡታሞልና ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ታዘዘላት። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ገዛሁላት። ደሴ ላይ 90፣ 91 ይላል። እኔ ጋ ኮምቦልቻ ስትመጣ 93፣ አንዳንዴ 94። አንድ ማታ ደሴ ቡና ላይ 96 አለና ደስ አለን። ልቧ በደቂቃ 104 ይመታል። በወጣችበት ቀን በተሠራው የደም ምርመራ ነጭ የደም ሴል 14,200፣ ሄሞግሎቢን 16.1 ነው፤ ሁለቱም አጠገብ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ። የመውጫ ወረቀቷ ላይ ትንፋሽ 20 ይላል። ኢንተርኔት ላይ ከ95 በታች አደገኛ ነው ይላል። ጎረቤት ደግሞ ደሟ ወፍሯል፣ ዋግምት ነው የሚያሽላት ትላለች። መሣሪያው ነው የተበላሸው? ኮምቦልቻ ወስጃት ከእኔ ጋር ትኑር?»

እህቴ፣ መሣሪያው አልተበላሸም። ሁለት ከተማ ላይ ሁለት ቁጥር ማሳየቱ ራሱ ደህና መሆኑን ይመሰክራል።

ነገሩን በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ቁልቁለት፣ ከሐረጎ እንጀምረው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ነች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ሐረጎን ስትወርጂ ጆሮሽ ድፍን ይላል አይደል? የአየር ግፊት ነው እሱ። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ያው ነው፤ ጂቡቲ ወደብ ላይም 21 በመቶ፣ ደሴ አጠገብ ጦሳ ተራራ አናት ላይም 21 በመቶ። የሚለየው ግፊቱ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከዚያ አምስት እጅ አራቱ ያህል ይቀራል። ደሴ ላይ ከአራት እጅ ሦስቱ። ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው በግፊት ተገፍቶ ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲያንስ ጣት ላይ የምታይው ቁጥርም ዝቅ ይላል።

ስለዚህ «ከ95 እስከ 100» የሚለው ሰንጠረዥ የተሠራው ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። ለደሴ ሰው አልተጻፈም። ደሴ ላይ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 93 እስከ 96 ያገኛል። እኔ ራሴ ደረጃ ወጥቼ ትንሽ አረፍ ስል 94 ነኝ፤ እስከ ዛሬ ማንም አላስተኛኝም።

ግን ቶሎ አትረጋጊ። «ደሴ ስለሆነ ነው» የሚለው ግማሽ መልስ ነው። እኛም ሐኪሞቹ አንዳንዴ እሷን ተናግረን እንገላገላለን።

ለምን ግማሽ እንደሆነች ልንገርሽ። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምራ ነበር። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከደሴ በ1,000 ሜትር ከፍ ብለው እየኖሩ የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ለወንዶቹ 15.9፣ ለሴቶቹ 15.0። የአንዲስ ተራራ ሰዎች እንዲህ ከፍ ብለው ሲኖሩ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው ሳይወፍር ኦክስጅናቸው ዝቅ ይላል። የእኛዎቹ ሁለቱንም አላሳዩም። እንግዲህ ደጋን የለመደ ጤነኛ ሳንባ ደሴ ላይ 90 ላይ አይቀመጥም ማለት ነው። ከእናትሽ 90 ውስጥ ሦስት አራት ነጥቡን ተራራው ወስዶታል። የቀረውን የወሰደው ሳንባቸው ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሚያሳየውም 93 ጤነኛ ሰው እዚያ ከሚያገኘው ዝቅ ያለ ነው።

የአየር ቧንቧቸው ደግሞ ለምን እንደጠበበ አንቺው ጽፈሽዋል። 30 ዓመት እንጀራ። ሲጋራ ያላጨሱ እናቶች በምድጃ ጭስ ብቻ ልክ የአጫሽ ሳንባ ይዘው ይመጣሉ። ምርመራ ክፍል ውስጥ «ያጨሳሉ ወይ?» ተብለው «ኧረ በስማም!» ይላሉ፤ ካርዱ ላይ «አታጨስም» ይጻፍና ምክንያቱ እዚያው ተደፍኖ ይቀራል። መጠየቅ ያለበት «በምን ነበር የሚጋግሩት? ቤቱስ መስኮት ነበረው?» ተብሎ ነው።

እና 90 ያስፈራል ወይ? ኦክስጅን ከደም ጋር የሚያያዝበት መንገድ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ከ90 በላይ ያለው ሜዳ ነው። ከ90 በታች ያለው ሐረጎ ነው። 97 የነበረ ሰው 92 ሲደርስ ሜዳው ላይ ነው፣ ሰውነቱ ብዙም አይጎዳም። 90 ላይ ያለ ሰው ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ጉንፋን ብትገፋው ቁልቁል ይወርዳል። በደም ወሳጅ ሥር ውስጥ ባለው የኦክስጅን ግፊት ብንናገረው፣ 90 በመቶ ማለት ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ከ80 እስከ 100 አለው።

የአየር ቧንቧቸው ለዘለቄታው የጠበበ ሰዎች ኦክስጅን ሲሰጣቸው እንኳ እኛ የምንፈልገው ከ88 እስከ 92 ያለውን ነው። 98 እንዲሆን አንፈልግም። ይህን በደንብ ያዢልኝ። ምክንያቱም ቁጥሩ ያስጨነቀው ቤተሰብ አንድ ቀን ኦክስጅን ተከራይቶ ቤት ያስገባና እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። እንዲህ ያለ ሳንባ ውስጥ ብዙ ኦክስጅን ሲገባ የተቃጠለው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ሳይወጣ ይጠራቀማል። ሰውየው ፊቱ ቀላ ይላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ጣቱ ላይ 99 ይታያል። ቤተሰቡ «እሰይ፣ ተኛ» ይላል። እንቅልፍ አይደለም ያ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከላክሽልኝ ቁጥሮች ከሁሉ በፊት የማላምነው ትንፋሽ 20 የሚለውን ነው።

ለአዋቂ ሰው በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ትንፋሽ ደህና ነው። 20ም ውስጡ ነው። ታዲያ ምን አጠፋ? ያጠፋው ነገር፣ ሁሉም ሰው 20 መሆኑ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የአንድ ክፍል ካርዶች ሰበሰብኩ። ቁጥር አንድ አልጋ፣ ትንፋሽ 20። ሁለት፣ 20። ሦስት፣ 20። አራተኛው አልጋ ላይ ያሉት አዛውንት ትራስ ተደግፈው፣ ትከሻቸው እየተነሳ፣ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚተነፍሱት። ቆጠርኩ፤ 34። ካርዳቸው ላይ 20 ይላል፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የደም ግፊቱን መሣሪያ ለካልኝ፣ የልብ ምቱን መሣሪያ ለካልኝ፣ ሙቀቱን ቴርሞሜትር። ትንፋሽ ግን ቁጭ ብሎ መቁጠር ይጠይቃል። ሰልፍ ሲበዛ ማንም ቁጭ አይልም።

ሆኖም ሳንባ መድከም ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ሰውነት ኦክስጅን ሲጎድለው መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ያካክሳል። ለዚህ ነው ጣት ላይ ያለው ቁጥር ገና ሳይወርድ ትንፋሽ የሚጨምረው። 91 ኦክስጅን በ18 ትንፋሽ እና 91 ኦክስጅን በ30 ትንፋሽ፣ ሁለት የማይገናኙ በሽተኞች ናቸው። የመጀመሪያው ተቀምጦ ይኖራል። ሁለተኛው እየሮጠ ነው፣ ሲደክመው ይወድቃል።

ስለዚህ አንቺው ቁጠሪ። ግን «እማ፣ ትንፋሽሽን ልቁጠር» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ መተንፈሱን ይቀይራል። የእጅ አንጓቸውን ያዢ፣ የልብ ምት የምትቆጥሪ ምሰይ። ዐይንሽ ግን ደረታቸው ላይ ያለው ነጠላ ወይም ጋቢ ላይ ይሁን። ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ስልክሽ ላይ ሙሉ አንድ ደቂቃ ያዢ፤ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለትንፋሽ አይሆንም፣ አንዲት ስህተት አራት ትሆናለች። ከቡና በፊት፣ ደረጃ ሳይወጡ፣ ሳያወሩ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ ይሁን።

እስከ 20 ከሆነ ጥሩ። ከ21 እስከ 24 ከሆነ በዚያው ቀን ደጋግመሽ ቁጠሪ። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። 30 ከደረሰ ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። የሳንባ ምች ሲገመገም 30 ትንፋሽ ለብቻው አንድ ክፉ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ዕድሜ 65 እና ከዚያ በላይ መሆንም ሌላው ነው፤ እናትሽ ይህችን ይዘዋታል። የቀሩት የአእምሮ መደናገር፣ የደም ግፊት የላይኛው ከ90 በታች ወይም የታችኛው 60 እና ከዚያ በታች መሆን፣ እና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ ዩሪያ፣ ደም ውስጥ መጨመር ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ሕፃን ያላችሁም ይህን ስለምታነቡ፣ የልጅ ልኬት ሌላ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። ጤና ኤክስቴንሽኗም የምትቆጥረው በዚሁ ነው።

የልብ ምቱ 104 ብዙ አያስጨንቀኝም። ደህና የሚባለው ከ60 እስከ 100 ነው። ሳልቡታሞል ግን ልብ ያስሮጣል፣ እጅም ያንቀጠቅጣል። ከመንፋታቸው በፊት ለኪ፣ ከነፉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኪ። ልዩነቱን ራስሽ ታይዋለሽ። ሳይነፉም፣ ሳያተኩሳቸውም፣ ቁጭ ብለው ከ110 በላይ ከሆነ ወይም ምቱ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ከተዘበራረቀ ግን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኤሲጂ፣ ይነሱ። ሙቀት ላይ አንድ ቃል ልበል፤ ከ36.5 እስከ 37.5 ደህና ነው፣ ነገር ግን አረጋውያን ሳንባ ምች ይዟቸውም ላያተኩሱ ይችላሉ። «ትኩሳት የላትም» ብላችሁ ቤት እንዳታስቀምጧቸው።

ቡና ላይ ስለታየው 96 ነው አሁን።

ደስ አላችሁ። እኔን ግን ከሁሉ ቁጥሮችሽ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሽ ለምን እንደደነገጥኩ ይገባሻል። ሐሳቡን ያፈለቀው ታኩኦ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ። ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ ይሰደዳል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዐይን የማያየው። ኦክስጅን የያዘ ደም ደማቅ ቀይ ነው፣ ያልያዘው ጠቆር ይላል። መሣሪያው ከዚህ ተነስቶ ያሰላል። በቃ፣ ቀለም ነው የሚያየው። ደሙን አይቀምሰውም።

ከሰል ሲጤስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም። ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይለጠፋል። የተለጠፈበት ደም ደግሞ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። ሰውየው እየታፈነ መሣሪያው 96፣ 98 ሊል ይችላል።

የደሴ ክረምት ምሽት እንዴት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ብርዱ ሲጠና በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ከሰሉ መሀል ላይ፣ ዕጣኑ ይጨመርበታል፣ አቦል ቶና በረካ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት። በዚያ ምሽት የታየው 96 ከሰሉ ነው ብዬ አልምልም። እጃቸው ፍሙ አጠገብ ስለሞቀ ደም በደንብ ተዘዋውሮ መለኪያው ጥሩ አንብቦም ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ጣት ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለና የሚዋልል ቁጥር ነው የሚሰጠው። ግን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ያን ማታ ራሳቸውን አሟቸው ነበር? አቅለሽልሿቸው ነበር? አንቺንስ? ሁለታችሁንም አሟችሁ ከነበረ መልሱ ከሰሉ ሳይሆን አይቀርም። ከእንግዲህ ከሰሉ ውጭ ተያይዞ፣ ነዶ፣ ጭሱ አልቆ ይግባ፤ ፍም የሆነ ከሰልም ጋዙን ስለማይተው በሩ ገርበብ ይበል። ከተቻለ ጀበናው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይውጣ። ቡናው አይቀርም፣ አይዞሽ።

ስለ አለካኩ ይህን ጨምሪበት። እናትሽ እንሶስላ ወይም ጥቁር ሂና ጥፍራቸው ላይ ካለ ሌላ ጣት ምረጪ። እጃቸውን አሙቂ። ጣቱ ሳይነቃነቅ ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ጠብቂ፤ መጀመሪያ ብልጭ ያለውን አትጻፊ። ደግሞም እነዚህ መሣሪያዎች ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ትንሽ ከፍ አድርገው የማንበብ ዝንባሌ አላቸው። የእናትሽ 90 እውነቱ 88 ሊሆን ይችላል። አፋፉ ላይ ላለ ሰው ሁለት ነጥብ ቀላል አይደለችም።

የደም ምርመራው ቀላል ነው። ቀስት ስላየሽ ነው የደነገጥሽው። ቀስቱን የሚያትመው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ እናትሽን አያውቃቸውም፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱም አያውቅም።

ነጭ የደም ሴል ከ4,000 እስከ 11,000 ደህና ይባላል። የእሳቸው 14,200 ነው። ግን ደሙ በተወሰደበት ቀን ፕሬድኒሶሎን ላይ ነበሩ። ይህ መድኃኒት በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የተቀመጡትን ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ነቅሎ ወደሚፈሰው ደም ያወጣቸዋል። ቁጥሩ ይዘላል፣ አዲስ ኢንፌክሽን ግን የለም። ካላተኮሳቸው፣ ትንፋሻቸው ካልጨመረ፣ አክታቸው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካልበዛ፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ሌላ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ እንዳትገዢ። መድኃኒቱ ካለቀ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ የደም ሴል ቆጠራው፣ ሲቢሲው፣ ይደገም።

የዚህ ተቃራኒም አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ጤነኛ ሆነው ሳለ ኒውትሮፊላቸው ከፈረንጅ ሰንጠረዥ ዝቅ ያለ ነው። ነጭ የደም ሴሉ ሁልጊዜ 3,500 የነበረ ሰው ሳንባ ምች ይዞት 9,000 ቢሆን ማሽኑ ቀስት አያትምም። ለእሱ ግን ከእጥፍ በላይ ነው የጨመረው። የድሮ ወረቀት አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው። ከማንም ሰንጠረዥ በላይ የሚጠቅመኝ እናትሽ ጤነኛ ሳሉ የተሠራ ምርመራ ነው። ምናልባት ለዐይን ወይም ለጨጓራ ብለው የሄዱበት ካለ ፈልጊው፤ ሣጥን ግርጌ አይጠፋም።

ሄሞግሎቢን 16.1። ላብራቶሪው ለሴት ከ12 እስከ 15 ወይም 16 ብሎ ስለያዘ ነው ቀስት ያደረገው። ደሴ ከፍታ ላይ ግን ሄሞግሎቢን ሲተረጎም ከ1 ግራም በላይ ይቀነስለታል። የእናትሽ ቁጥር ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 15 አካባቢ ነበር። በዚያ ላይ የሳንባቸው ኦክስጅን ዝቅ ስላለ ሰውነታቸው ተሸካሚ ቀይ ሴል ጨመር አድርጓል፤ ምግብና ውሃ በቅጡ ሳይወስዱ ከርመው ከሆነም የደሙ ውሃ ቀንሶ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህ ደም ወፍሯል አይባልም። ዋግምት አያስፈልግም። የጎረቤታችሁን አሳቢነት አመስግኚ፤ ግን የሚቀዳው ደም ሳንባ ውስጥ ያለውን አይነካም፣ ብዙ ሰው የተነካበት ምላጭ ግን ሌላ በሽታ ሊያስገባ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ሄሞግሎቢኑ በየሦስት ወሩ ይለካ። 17፣ 18 እያለ ከወጣ ሌሊት ሌሊት ኦክስጅናቸው ክፉኛ እየወረደ ሊሆን ይችላልና ያኔ ሐኪማቸው ሌላ ነገር ያስባል።

ከቀረው ምርመራ ሁለቱን ብቻ አስለኪ። አንዱ ስኳር ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ስኳር ያወጣል፣ የስኳር ሕመም የሌለበትንም ሰው። ሳይበሉ ከ70 እስከ 100 ደህና ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መደገም አለበት። ሌላው ፖታሲየም ነው፣ ደህናው ከ3.5 እስከ 5። ሳልቡታሞል ሲበዛ ዝቅ ያደርገዋል፤ ድካምና የልብ ምት መዛባት ያመጣል።

ከደም ወሳጅ ሥር፣ ከእጅ አንጓ የሚወሰደውን የደም ጋዝ ምርመራ አልጠቀሽም። ካጋጠመሽ፣ የደሙን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 እስከ 45፣ ባይካርቦኔት ከ22 እስከ 26 ነው። ደጋ ላይ ጤነኛ ሰው ትንሽ ፈጠን ብሎ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከዚህ ወደ ታች ያደላል። ስለዚህ ደሴ ላይ 45 «ደህና ነው» ብዬ አላልፈውም። ጠዋት ሲነሱ ራስ ምታት፣ ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላቸው ከሆነ ይህ ምርመራ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ልትጠይቂኝ ይገባ ነበር፣ ስላልጠየቅሽኝ እኔ ልጠይቅሽ። ሳሉ ሆስፒታል ከመተኛታቸው በፊት ስንት ጊዜ ቆየ? ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከነበረ አክታቸው ለቲቢ ተመርምሯል? ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ተሠርቷል? ነጭ የደም ሴል ደህና መሆኑም፣ ከፍ ማለቱም ስለ ቲቢ የሚነግርሽ ነገር የለም። ክብደት ከቀነሱ ወይም ሌሊት የሚያልባቸው ከሆነ ፕሬድኒሶሎኑን የጻፈላቸውን ሐኪም ቶሎ ንገሪው፤ ይህ መድኃኒት ቲቢ ያለበትን ሰው ሳል አስታግሶ በሽታውን ይደብቀዋል።

ኮምቦልቻ ትኑር ወይ ላልሽው፣ ቁጥሩ በሁለት በሦስት ነጥብ ይወጣል። ሳንባቸው ግን ያው ነው። አፋፉ ላይ ላለ ሰው ሦስት ነጥብ ትንሽ ሜዳ ትሰጣለች፤ ጉንፋን ሲመጣ ለመንገዳገድ ቦታ ይኖራቸዋል። ሆኖም እኔ ከከፍታው በፊት የማየው ወጥ ቤቱን ነው። ሆጤ ያለው ቤት ውስጥ አሁንም በእንጨት ይጋገራል? ሌላ ሰው ቢጋግርም ጭሱ ወደ መኝታቸው ይገባል? ኮምቦልቻ ያለው ቤትሽ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለው፣ ልዩነቱን የምታመጣው 600 ሜትሯ ሳትሆን ምጣዷ ናት። ደሴ ላይ ምጣዱን መቀየር ከተቻለም ከሰፈራቸው መንቀል የለብሽም። በዚህ ዕድሜ ከዕድርና ከጎረቤት ተለይቶ ባዶ ቤት መዋል እሱም ይጎዳል፤ መድኃኒት መንፋት የሚያቆሙ እናቶችን ያየሁት እንዲያ ሲሆን ነው።

ለአሁኑ ደብተር ግዢ። ጠዋትና ማታ አራት ነገር ጻፊ፤ ቀን ከነከተማው፣ ኦክስጅን፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት። «ደሴ» ወይም «ኮምቦልቻ» የሚለውን እንዳትረሺ፣ አለዚያ ሐረጎን የወረዱ ቀን የተሻላቸው፣ የወጡ ቀን የባሰባቸው ይመስልሻል። ደሴ ላይ 90፣ 91 ሆነው፣ ትንፋሻቸው ከ20 ሳያልፍ፣ እያወሩ፣ እየበሉ ከሆነ በቀጠሮአቸው ቀን ይሂዱ። ከ88 በታች ወርዶ ካረፉም በኋላ ካልተመለሰ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጡ መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ወይም ድዳቸው ከጠቆረ ወይም ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ካቃታቸው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጂያቸው። እስከዚያው ሐኪም ሳያዝ ኦክስጅን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ።

ደብተሩን ለቀጠሮ ይዘሽ ሂጂ። ተረኛው ሐኪም ትንፋሽ ሳይቆጥር 20 ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሳ፣ ያንቺን ገጽ ከፊቱ አስቀምጪለት።